አባቴ ለንጉሡ የያዙት አቤቱታ

አንድን ነገር ብዙ ደክማችሁ ካስረዳችሁ በኋላ፣ ሰሚያችሁ ሲጠብቅ የቆየው ጨርሶ ሌላ ነገር መሆኑን ደርሳችሁበት ታውቃላችሁ? እኔ ደርሼበታለሁ። ያስረዳሁት ለአባቴ ነበር።

የምንኖረው እስራኤል አገር፣ አሽቀሎን ከተማ፣ ግቫት ጺዮን ሰፈር ውስጥ ነው። እኔ በልጅነቴ ከአጎቴ ጋር ቀድሜ መጥቼ፣ ወላጆቼ በመጡበት ዓመት ማስተማር ጀምሬ ነበር። አባባና እማዬ የመጡት በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ነው። ታላቅ እህቴ ግን ባሏ ከቤተ እስራኤል ክርስትና ከተነሡት ወገን ነው ተብሎ ፋይሏ ተመለሰና እዚያው ቀረች።

ከዚያ ወዲህ አባባ ዕረፍት አልነበራቸውም። በየሳምንቱ ወደ ምስራድ ይሄዳሉ፤ ምስራድ የምንለው የመንግሥት ቢሮውን ነው። ጸሐፊዋ “ሳቭላኑት” ትላቸዋለች፤ ታገሡ ማለቷ ነው። ቤት ሲመለሱ እኔም ያንኑ እደግማለሁ። “ሥርዓት አለው አባባ፤ ተራ አለው” እያልኩ በጣቴ እየቆጠርኩ አስረዳቸዋለሁ። ቆይተው ለእኔ መናገሩን ተዉት።

አሽቀሎን ባሕር ዳር ቤት ያላቸው ሁለት ፈረንሳውያን ባልና ሚስት ነበሩ። ዕብራይስጥ አስተምራቸው ስለነበር፣ በትምህርት ቤት ዕረፍት ከነወላጆቼ አገራቸው ጋበዙኝ። ከፓሪስ በባቡር ሄደን አንድ የታወቀ ቤተ መንግሥት እንደምናይ ስሰማ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተዋስኩና ሳምንት ሙሉ አስረዳሁ። መስኮቶቹን፣ በገመድ የተለኩ የሚመስሉትን ዛፎች፣ ውኃው ከገንዳው ወደ ላይ እንዴት እንደሚፈናጠር፣ ሁሉን። አባባ እንደዚያ አድምጠውኝ አያውቁም።

“በሩ ስንት ነው? ዘበኛው የሚቆመው በየትኛው ነው?” ይሉኛል።

ጎበዝ ተማሪ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። እማዬ ደግሞ ሙዳይ መስፋት ጀመረች። ለማን እንደሆነ ብጠይቃት “ባዶ እጅ ይኬዳል እንዴ?” አለችኝ። ለጋባዦቻችን መሰለኝ።

የጉብኝቱ ቀን ፈረንሳዊቷ የምንወርድበትን ጣቢያ በዕብራይስጥ ጽፋልኝ ባቡር ላይ አሳፈረችን። አባባ ሙሉ ልብስ ለብሰው ኩታ ደርበዋል። ባቡሩ በቆመ ቁጥር ብድግ ይላሉ።

“ደረስን?”

“ሦስት ይቀራል አባባ፤ ይቀመጡ።”

“ሰውዬ፣ ባቡሩን የሚገፉት እርስዎ ነዎት እንዴ?” አለች እማዬ።

ግቢው እንደደረስን ረጅም ሰልፍ አየን። አባባ ኩታቸውን አደገደጉ፤ ጎንደር ሳሉ ባለሥልጣን ፊት ሲቀርቡ እንደሚያደርጉት። ለክብር ነው ብዬ አለፍኩት። ወርቅ በተቀባው መኝታ ቤት ውስጥ ማብራራቴን ቀጥዬ ሳለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

“አሁንሳ የት ወጥተዋል?”

“ማን?”

“ንጉሡ።”

“አባባ፣ ንጉሥ የለም እኮ። እዚህ ንጉሥ መኖር ከተወ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆነው። አሁን ሕዝብ የሚጎበኘው ቤት ነው።”

እጃቸው ወደ ደረት ኪሳቸው ገባ፤ ፖስታ ይዞ ወጣ።

“ሳምንት ሙሉ ስለ መስኮት ስታወሪ፣ ይህን አልነገርሽኝም።”

“የአስተማሪ ነገር!” አለች እማዬ። “ዛፉን አንድ በአንድ ቆጥራ ባለቤቱን ረሳችው። በይ ሙዳዩን ለፈረንሳዊቷ እንሰጣለን።”

ያኔ ገባኝ። አባባ በጎልማሳነታቸው በመሬት ጉዳይ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት በር ላይ አቤት ብለው ተሰምተዋል። የፈረንሳይ ንጉሥ ለእኛ መንግሥት ስለ እህቴ ቢጽፍ ማን እምቢ ይላል? የመጡት ለዚህ ነበር።

ወደ አትክልቱ ቦታ እየተጣደፉ ወጡ። በዛፎቹ መካከል ወደ ላይ ሄደው ይመለሳሉ፣ ደግሞ ይሄዳሉ። እኔም ምን እንደማደርግ ጠፋኝና “ይህ ገንዳ እኮ …” ብዬ ጀመርኩ።

“ዝም በይ እስቲ!” አለች እማዬ።

ገንዳውን ትቼ “ወረቀቱ ምን ይላል?” ብዬ ጠየቅኩ።

“ለአንቺ አልተጻፈም” አሉ አባባ። “አንቺ ታገሡ ነው የምትይው።”

እማዬ ፖስታውን ከእጃቸው ወስዳ ሰጠችኝ። የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። አንድ የአሽቀሎን፣ የሺምሾን ሰፈር ጎረምሳ በአማርኛ የጻፈላቸው ነው። “ልጄ በአይሁድነቷ ከእኔ ጋር ተሰድባለች፣ ከእኔ ጋር ለጉዞ ተነሥታለች” ይላል። ዝቅ ብሎ ደግሞ፦ “አጎቷ ከሁለቱ አንዷን ብቻ ይዞ መሄድ በቻለ ጊዜ ተራው የእሷ ነበር። ትንሿን ውሰዳት ብላ እሷ ቀረች።”

ትንሿ እኔ ነኝ።

“እውነት ነው?”

“መቼ ጠይቀሽን ታውቂያለሽ?” አለች እማዬ።

ስለ አትክልቱ ማስታወሻ የያዝኩበትን ደብተር ገልጬ ለምስራድ የሚሆን አቤቱታ በዕብራይስጥ መጻፍ ጀመርኩ። መቼ ነበር? ማን አየ? ከምስክሮቹ አሁን አሽቀሎን ያለ አለ? አባባ ሦስት እርምጃ እየሄዱ፣ እየተመለሱ ይመልሱልኛል። ከኋላቸው ውኃው ከገንዳው ተፈናጠረ፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ዞር ብዬ ላየው ስል “ጻፊ፣ ጻፊ!” አሉኝ። ዘበኛው ግቢውን ሊዘጋ ፊሽካ ሲነፋ አራተኛው ገጽ ላይ ነበርን። ከአትክልቱ ቦታ ያየነው ያንን ገንዳ ብቻ ነው።

አሽቀሎን እንደተመለስን የጻፍነውን ይዤ ከአባባ ጋር ወደ ምስራድ ሄድኩ። “ሳቭላኑት” ስንባል ከወንበሬ አልተነሣሁም። ፋይሉ እንደገና ተከፈተ፤ እህቴ እስክትመጣ ግን ገና ብዙ ተመላልሰናል።

እናንተም አባታችሁን፣ እናታችሁን ወይም ተማሪዎቻችሁን አንድ ቦታ ልትወስዱ ስትነሡ ይህን ሞክሩት። ስለ ቦታው ምንም ከመናገራችሁ በፊት “እዚያ ደርሰን ምን እንዲሆንላችሁ ትፈልጋላችሁ?” ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱ ቢዘገይም ክፍተቱን በማብራሪያ አትሙሉት፤ ጠብቁ።