አሚን ያልነው ነገር

ፋሽስት ሲባል ድሮ የሚመጣልኝ ጣሊያን ብቻ ነበር። የእኛዎቹ፣ የሰፈራችን ጎረምሶች፣ የመጡት ግን ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ የአባቴን ጉልበት ስመው ነው። «አባባ፣ ይመርቁን» አሉት። መረቃቸው! በእኛ አገር ዱዓ የለመነ አይከለከልም፤ ሌባ እንኳ «ልብ ይስጥህ» ተብሎ ይመረቃል። አባቴ ሐይቅ ከተማ ውስጥ የሰፈራችን ቅሬ ሽማግሌ ነው። ቅሬ ማለት ሰው ሲሞት ጥሩንባ የሚያስነፋ፣ መቃብር የሚቆፍር፣ ሐዘንተኛ የሚያስተዛዝን ማኅበራችን ነው። ሙስሊም ክርስቲያን አይለይም።

ልጆቹ የመጡበት ጊዜ ተመቻቸው። ከጦርነቱ በኋላ ሌባ በዝቶ ነበር። ፖሊስ ሲጠሩት «መኪና የለንም» ይላል፣ ዳኛ ቀጠሮ ይጨምራል፣ መርጠን የላክነው ሰውዬ ስልክ አያነሳም። እነሱ ዱላ ይዘው ሰፈር ጠበቁ፤ ስርቆቱም ቀነሰ። ሰው ሁሉ ተመስገን አለ። መሪያቸው የሚኒባስ ረዳት የነበረ አፈ ጮሌ ነው። ሴቱን ሁሉ «እናቴ» ይላል። ሲስቅ የሚያምር ጥርስ አለው፤ እስከ ዛሬ ደሜን የሚያፈላው እሱ ጥርስ ነው።

ይህ ልጅ ከማናችንም ቀድሞ አንድ ነገር ገባው። የቅሬ ስብሰባ የሚዘጋው በምርቃት ነው። ከተመረቀ በኋላ ክርክር የለም፤ ውሾን ያነሳ ውሾ ይሁን ነው። ስለዚህ ሐሳቡን ያቀርብና ሰው አፉን ሳይከፍት ወደ ሽማግሎቹ ዞሮ «በሉ አባቶች፣ መርቁና» ይላል። እነሱ እጃቸውን ይዘረጋሉ። እኛ አሚን እንላለን፣ ክርስቲያኖቹ አሜን። አለቀ! መጀመሪያ ጥበቃው በአሚን ጸደቀ። ቀጥሎ ከስብሰባ የቀረ ይቀጣ ተባለ፤ አሚን። ከዚያ የቅሬው ዳኛ፣ ማለት አለቃው፣ እሱ ይሁን ተባለ፤ ለእሱም አሚን ተባለለት።

እኔ ከሪያድ ከተመለስኩ ጀምሮ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየጠበስኩ እሸጣለሁ። ዓሣውን የሚያመጣልኝ ክርስቲያኑ ጎረቤታችን ነበር። አባቱ ከሌላ አካባቢ መጥቶ የቀረ ነው፤ እሱ ግን የተወለደውም ያደገውም እዚሁ ነው። አንድ እሁድ ስብሰባ ላይ መሪያቸው ተነሣና «ቅሬ የአገሬው ነው፤ መጤ የራሱን ይፈልግ» አለ። ወዲያው ወደ ሽማግሎቹ ዞረ። ከሴቶቹ መሐል ሆኜ አባቴን አየሁት፤ እንደ ልማዱ እጁን ዘርግቷል።

«አባዬ! ምን እንዳለ ሰምተሃል?» ብዬ ጮህኩ።

«ዱዓ ላይ አትጩሂ አንቺ!» ብላ አንዷ ከኋላዬ ቆነጠጠችኝ። ግማሹ ሰው አሚን ብሎ ጨርሶ ነበር።

መጤ መባልን እዚያ ግቢ ውስጥ ከእኔ በላይ የሚያውቀው አልነበረም። ፓስፖርቴን ተቀምቼ በሰው ቤት ኖሬያለሁ። እሱኑ ቃል አገሬ ገብቼ ልስማው? ጎረቤታችን ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ «ወላሂ፣ የጥበቃው ነገር መስሎኝ ነው» አለኝ። «አብሽሪ፣ በሚቀጥለው እናስተካክለዋለን። ልጆች ናቸው፤ ሲመከሩ ይመለሳሉ።» ሽማግሎቹ ሁሉ እንዲሁ ነበር የሚሉት። ልጆቹን በእጃቸው የያዟቸው መስሏቸው ነበር፣ ማን ማንን እንደያዘ ሳይገባቸው!

የሚቀጥለው ስብሰባ ሳይደርስ የጎረቤታችን ሚስት ሞተች። እሷ እንኳ የአገሬው፣ የአምባሰል ልጅ ናት፣ ግሸን ሥር የተወለደች። መጤ ካገባች መጤ ናት ተባለ። ጠዋት ጥሩንባ ብንጠብቅ አልተነፋም። አባቴ በየበሩ እየሄደ አንኳኳ። «እኔስ በወጣሁ፣ ግን እነዚህ ልጆች...» ይሉታል። ልጆቻቸውን እሷ ላይ ጥለው ገበያ ሲውሉ የነበሩ ሴቶች በራቸውን ገርበብ አድርገው አዩት። አንዱ «ጎመን በጤና» አለው። ጎመኑ ያንቀውና!

መቃብሩን የቆፈርነው ባልየው፣ አባቴና እኔ ነን። በአገራችን ሴት መቃብር ስትቆፍር ታይቶ አይታወቅም፤ አባቴ ግን ዶማውን ራሱ አቀበለኝ። መሬቱ ድንጋይ ነው፤ እጄ ተላጠ። ቃሬዛው አራት ሰው ይፈልጋል። ቄሱ መስቀላቸውን ደረታቸው ውስጥ ከተው አራተኛውን ጫፍ ያዙ። የቅሬው ሰዎች አጥሩን ተደግፈው ያዩናል። አልከለከሉንም፣ አላገዙንምም። ከሁሉም የሚያቃጥለኝ አንዳንዶቹ ማልቀሳቸው ነው። ያ እንባ ምን ያደርግላታል?

ባልየው ልጆቹን ይዞ ከተማውን ለቀቀ። ብዙም ሳይቆይ እኛም ከቅሬ መውጣታችን ተነገረን። «ማን መረቀው?» ብዬ ጠየቅኩ። ሌላ ሽማግሌ አግኝተዋል፤ ሽማግሌ ምን ይጠፋል። መሪያቸው መንገድ ላይ ሲያገኘን አሁንም ጎንበስ ብሎ «እንዴት አደሩ፣ አባባ?» ይላል።

አባቴን ሳል ይዞታል። የሚጠይቀው ሰው ግን የለም። ሰሞኑን ንዴቴ ገንፍሎ እሱኑ ጮህኩበት፤ «ብትሞት ማን ሊቀብርህ ነው?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ዶማው አንቺ ዘንድ አይደል?» አለኝ።