ድሬሰር ሞላልኝና የከሪማ ቅጠል

ድሬሰር ሞላልኝ ሀያ ዓመት ሙሉ ኮምቦልቻ ላይ የሰው ቁስል ሲያጥብ የኖረ ሰው ነው። ሰው በአፉ ይዋሻል እንጂ በቁስሉ አይዋሽም ይል ነበር። ያንን ሁሉ ቁስል ያየ ዓይኑ አንድ ቀን ቅጠል ፊት ቆሞ ግራ ይጋባል ብሎ ግን አላሰበም።

ነገሩ የተጀመረው በሰባ አራት ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። የባህል መድኃኒት አጥኚዎች ከአዲስ አበባ መጥተው ደሴ ፒያሳ አንድ ሆቴል አረፉና አገር የሚያውቅ ሰው ቢጠይቁ ሞላልኝ ተሰጣቸው። ሥራው ሲሰሙት ቀላል ነው። መድኃኒት አዋቂ ቤት ሄዶ ቅጠሉን ከነአበባው መቁረጥ፣ በጋዜጣ መሀል ዘርግቶ በሁለት ሳንቃ መጫን፣ ስሙንና የሚያድነውን በሽታ በወረቀት ላይ መጻፍ። ከየትኛው የዕፅዋት ወገን እንደሆነ የሚመድቡት እነሱ ናቸው። የደረቀውን ፈጭተው ደግሞ ጀርም ያበቀሉበት ሳህን ላይ ያደርጉታል፤ ጀርሙ ወይ ይሞታል ወይ አይሞትም። ሞላልኝ ይህን ነገር ወደደው። በዚያ ዘመን ቁርጡን የሚናገር ነገር ብርቅ ነበር፤ ስብሰባው እንኳ በጭብጨባ ይጀመርና በጭብጨባ ያልቃል፣ ምን እንደተወሰነ የሚያውቅ የለም።

ከኮምቦልቻ በላይ፣ ተራራው ጥግ፣ እማማ ከሪማ የሚባሉ የቁስል መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። ባላቸው ሞቷል፣ በሬ የላቸውም፤ የዳነ ሰው በሚያመጣላቸው ቁና እህል ነው የሚኖሩ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ እንየው፣ ጥናቱን እንደሰማ አንድ ነገር ቆረጠ። የሴትዮዋ ቅጠል ጀርም ይገድላል ተብሎ ከመጣ ፈቃድ ይጻፍላቸዋል፤ አይገድልም ከተባለ ጎጂ ባህል ነውና ይቆማል። እንየው ክፉ ሰው አልነበረም። ማኅተም በእጁ የገባ ቀን እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር እንጂ።

ሞላልኝ ሳንቃውን ተሸክሞ ወጣ። እማማ ከሪማ ምንም ሳያንገራግሩ ከደጃቸው ያለውን ክትክታ ቀንጥበው ሰጡት።

«ይኸው ነው።»

«ይኼ? ማገዶው? አጥሩ?»

«ወላሂ ይኸው ነው። ለመንግሥት ዋሽቼ የት ልገባ?»

ሞላልኝ የአገሩን ደንብ ያውቃል። ደብተራ አያቱ ቅጠል ሲጠየቁ በታቦት እየማሉ የጎረቤት አጥር ያሳዩ ነበር። ይህ እንደ ውሸት አይቆጠርም፤ ስሙ የተነገረ መድኃኒት ይረክሳልና ጠያቂን በሌላ ቅጠል መሸኘት የሙያው ጨዋነት ነው። እንዲህ በጠራራ ፀሐይ፣ ገና ሳይለመን፣ መድኃኒቱን አውጥቶ የሚሰጥ አዋቂ ደግሞ ከእናቱ ሆድ አልወጣም። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ብሎ በሆዱ፣ ተሰናብቶ ሄደና ከድንጋይ ጀርባ ተቀመጠ።

ብዙም አልቆዩ፣ ሴትዮዋ ብቅ አሉ። ግራና ቀኛቸውን አዩ። ወደ ጅረቱ ወርደው ጠጉራም፣ አመድማ ቅጠል ቆረጡና በነጠላቸው ሸሽገው ተመለሱ። ሞላልኝ ልቡ በደስታ ዘለለች። እሳቸው ከገቡ በኋላ ከዚያው ቅጠል ቆርጦ ጋዜጣው መሀል ዘረጋ፤ ክትክታውን ወደ ደሴ ሲወጣ ሐረጎ ዳገት ላይ ከመኪናው መስኮት ወረወረው። በወረቀቱም ላይ «ስም፦ አልተነገረም። ጥቅም፦ ለቁስል። ባለመድኃኒት፦ ከሪማ» ብሎ ጻፈ።

መልሱ በግንቦት መጣ። ደሴ ተጠርቶ ደብዳቤውን ተቀበለና ሰኞ ገበያ መሀል ቆሞ ቀደደው፤ ሸክም ያዘለ ሁሉ እየገፋው አነበበ። ጀርም አልገደለም ይላል። ግልባጩ ቀድሞ ለገበሬ ማኅበሩ ደርሷል። ሞላልኝ መጀመሪያ የተሰማው ቁጣ ነበር፤ ሴትዮዋ ይህን ሁሉ ዓመት ሰው አታልለዋል ማለት ነው። ሐረጎን ሲወርድ ግን ያዳኗቸው እግሮች አንድ በአንድ ትዝ አሉት። ከእሱ ጤና ጣቢያ ተስፋ ቆርጠው ወጥተው፣ ከወር በኋላ በገበያ መሀል ሲራመዱ ያያቸው እግሮች። እነዚያስ?

ሴትዮዋ ቤት ሄዶ ተናዘዘ፤ ተደብቆ ማየቱንም፣ የጅረቱን ቅጠል መላኩንም። እማማ ከሪማ ምስር እየለቀሙ ሰሙት። ሲጨርስ እጃቸው ቆመ።

«የጅረቱን? አንተ፣ እሱ የዶሮ ቅማል ማባረሪያ ነው እኮ።»

«ታዲያ ለምን ተደብቀው ቆረጡት?»

«የመድኃኒት አዋቂዋ ዶሮ ቅማል በላት ተብሎ ይዘፈንብኝ?»

ሊስቅ ቃጣው፤ አልሆነለትም። እንግዲያው እውነተኛው ክትክታው ነው ማለት ነው አላቸው።

«ያኔ እውነት ነግሬህ አላመንኸኝም። አሁን አዎ ብልህ በምን ታውቃለህ?» ብለው ወደ ምስራቸው ተመለሱ።

እውነትም በምን ያውቃል? ደጁ ላይ ቆሞ አወጣ አወረደ። ዶሮዋን ሰበብ አድርገው ዛሬም ከጅረቱ ቅጠል ቢያርቁትስ? ክትክታው ቢሆንስ፣ ቅጠሉ ነው ሥሩ? ሳህኑ ወይ ይሞታል ወይ አይሞትም ይላል እንጂ ሰው ለምን እውነት እንደሚናገር አይናገርም። እርግጠኛ የሆነበት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሳቸው ያልሰጡትን ቅጠል በስማቸው ጽፏል።

ይህንኑ ይዞ ጓድ እንየው ዘንድ ቀረበ። የተመረመረው ቅጠል እማማ ከሪማ የሰጡኝ አይደለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለ። እንየው እርሳሱን አስቀመጠ።

«ታዲያ የሳቸው የቱ ነው?»

«አላውቅም።»

«ጓድ ሞላልኝ፣ 'አላውቅም' የሚል ወረቀት በየትኛው ፋይል ነው የሚገባ?»

አጥኚዎቹ ዳግመኛ የሚመጡት ከክረምት በኋላ ነው። እስከዚያ ሰኔ ይገባል፣ ገበሬው እርሻ ይወርዳል፣ የእግር ቁስል የሚበዛው ያኔ ነው፤ ሴትዮዋም በክረምት ጎተራቸው ባዶ ይሆናል። እንየው ይህ ሁሉ አልጠፋውም። ብዙ አሰበና አንድ መላ አመጣ። አጥኚዎቹ እስኪመጡ እማማ ከሪማ እንዲሠሩ ሞላልኝ ኃላፊነት ወስዶ ይፈርም፤ እሱ በሌለበት ምንም ቁስል አይነካ፤ አንድ ሰው እግሩ ቢበሰብስ ተጠያቂው እሱ ይሁን። ተጠያቂ መሆን በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደነበር ለማንም አይነገርም። ሞላልኝ ብዕሩን አነሳ። በማያውቀው ቅጠል ሊፈርም ነው። ፈረመ።

በሰኔ ሁለተኛው ሳምንት ደምመላሽ የሚባል ገበሬ ማረሻ የበላው እግሩ መግሎ እማማ ከሪማ ደጅ በቃሬዛ መጣ። ሞላልኝ ከኮምቦልቻ ወጥቶ ቁስሉን በፈላ ውኃና በጨው አጠበ፤ መግሉን ጠረገ። ከዚያ እማማ ከሪማ ቢስሚላሂ ብለው የወቀጡትን አረንጓዴ ነገር ለጠፉበት። ምን እንደሆነ አልጠየቀም። በየሦስት ቀኑ ዳገቱን እየወጣ እንዲሁ አደረጉ፤ እሱ ያጥባል፣ እሳቸው ይለጥፋሉ። በሦስተኛው ሳምንት ሥጋው ቀላ፣ ዳር ዳሩ ጠበበ፤ ደምመላሽ በምርኩዝ ደጅ ወጥቶ ስለ በሬዎቹ ማውራት ጀመረ።

ሞላልኝ ጎንበስ ብሎ እግሩን ሲያይ ቆየ። ከዚህ በፊት ጤና ጣቢያው ያጠበበት ውኃ ያዳነውን ቅጠሉ አዳነው ሲባል ኖሮ ይሆን? ወይስ የሱ ጨው የከሪማን ቅጠል ምስጋና ሊሻማ ነው?

«አልሀምዱሊላህ በል እንጂ፣ ዳነልህ» አሉት እማማ ከሪማ።

«መዳኑንስ ዳነ። በምን እንደዳነ ነው የጠፋኝ።»

«እንግዲያ እግሩን ጠይቀው» አሉና እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ።