ዋናው ዴልማር

ዴልማር ፕሪዊት በኦሃዮ አንዲት ትንሽ ከተማ ዕድሜያቸውን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ይህን ታሪክ ከሌላው ሰው በፊት የሚያወሩት ራሳቸው ናቸው፤ «ያ ቂል ዴልማር» ብለው ነው የሚጀምሩት።

ያ ቂል በሁለት ነገር ይመካ ነበር፤ በንጹሕ ስሙና ያንኑ ስም ሳይቀንስ ሳይጨምር ለልጁ በመስጠቱ። ልጁ በወረቀት ላይ ዴልማር ፕሪዊት ጁኒየር፣ ማለትም ታናሹ፣ ነው። አባትየው ግን ከስማቸው ቀጥሎ «ሲኒየር»፣ ታላቁ፣ ብለው ጽፈው አያውቁም። «ዋናው እኔ ነኝ፤ ዋናው ደግሞ ምልክት ምን ያደርግለታል?» ይሉ ነበር።

በረዶው እንደ ቀለጠ ጁኒየር የቤት ብድር ጠይቆ ተከለከለ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ የሚኖሩትም ከልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ባለች አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ያዩት ቤት ባለቤት የሆነችው ሴት እስከ ግንቦት መጨረሻ ልትጠብቃቸው ቃል ገብታለች፤ ከዚያ ለሌላ ትሸጠዋለች። ዴልማር ማዘን ሲገባቸው እሑድ ምሳ ላይ ምክር ጀመሩ።

«እኔን እየኝ! ባለፈው ዓመት መኪና ስገዛ ባንኩ እግሬን ሊስም ምንም አልቀረው። ሰው ስሙን መጠበቅ አለበት።»

ጁኒየር ሹካውን አስቀምጦ ወረቀት አወጣ። «አባዬ፣ ባንኩ ሲከለክለኝ የትኛው የብድር መዝጋቢ ድርጅት የሰጠውን መረጃ አይቶ እንደ ከለከለኝ መናገር ግዴታው ነው። እኔም መብቴ ነውና የብድር ታሪኬን ያለ ምንም ክፍያ አስመጣሁ። ይኸው።»

ዴልማር መነጽራቸውን አደረጉ። በዱቤ ተገዝቶ ክፍያው የተቋረጠ፣ ተቀምጠው የሚነዱት የሣር ማጨጃ ተጽፏል። ደማቸው ፈላ።

«አንተ ልጅ! አንዲት ዘለላ ሣር የሌለህ ሰውዬ ማጨጃ ምን ይሠራልሃል?»

መረቁን ስታሳልፍ የነበረችው ሚስታቸው ጆሊን ቀጥ አለች። «አንተ ሰውዬ፣ እስቲ በመስኮት ተመልከት።»

ተመለከቱ። ከጋራዡ ጀርባ የሰፈሩ ድመቶች የሚወልዱበት የዛገ ማጨጃ ቆሟል። ከዓመታት በፊት በገዙት በሁለተኛው ሳምንት ተበላሽቶ፣ ከሻጩ ጋር ተጣልተው «ሞቼ ነው የምከፍለው!» ብለው ነበር። ይላክላቸው የነበረው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲቀር «ፈሩኝ» ብለው ለጎረቤት ሁሉ አውርተዋል። ለካስ የፈራቸው የለም። ስም አንድ፣ ልጁ ያደገበት አድራሻ አንድ፤ መዝጋቢው ድርጅት ዕዳውን ጁኒየር ላይ ለጥፎት ኖሯል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው።

«ዕዳ ከሜዳ!» አለ ጁኒየር፤ ሳቅም ንዴትም ይተናነቀዋል። «ተቃውሞ አስገባለሁ፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ መርምረው ማረም አለባቸው። ግን ዕዳው የማን እንደሆነ የሚያሳይ ማስረጃ ቢኖር…»

ዴልማር አፋቸውን ቢዘጉ ንጹሕ ስማቸው ይተርፍላቸዋል። ያን ማሰባቸው ራሱ አሳፈራቸው።

«የሰው ልጆች ጭኜ አንድ ቀን አልተገለበጥኩም» አሉ በመጨረሻ። «የራሴን ልጅ በቆመ ማጨጃ ገለበጥኩት። ጆሊን፣ እስክሪብቶ አምጪ።»

ማጨጃው የእሳቸው መሆኑን ጻፉ፤ የግዢውንም ደረሰኝ ፈልገው አያያዙ። ከታች በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ «ዴልማር ፕሪዊት ሲኒየር» ብለው ፈረሙ።

እርማቱ ጊዜው ሳያልፍ መጣ፤ ጁኒየርም ቤቱን ገዛ። ዴልማር ዛሬም ለማይነሳ ማጨጃ በየወሩ ይከፍላሉ። «ድመቶቹ ኪራይ ቢከፍሉኝ ደግ ነበር» ይላሉ።

በሰኔ ጁኒየር ከሆስፒታል ደወለ። «ወንድ ነው አባዬ! ስም አላወጣንም። ምን እንበለው?»

ሦስተኛው ዴልማር። ጁኒየር ከተወለደ ጀምሮ የጠበቁት ነገር ነበር፤ ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደረሰ።

«የራሱን ስም ስጡት፣ ልጄ» አሉና እንባቸው መጣ።