ከደጀን ያመጣት

ባለቤቴ ይበልጣል ለሥራ ደጀን ደርሶ ደብረ ማርቆስ በተመለሰ ማግስት፣ ጓሮ ቆሞ ለጓደኛው በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። «ዕድሜዋ ገፋ ያለ ነው፤ ዓይኗ ግን ጥርት ያለ ነው። ቀስ ብለህ ከያዝሃት አታስቸግርም። ለሚስቴ ገና አልነገርኋትም» ይላል።

የማሰጣው ልብስ ከእጄ ወደቀ። ልጅ እግር ብትሆን እኮ ባልገረመኝ። ዕድሜዋ የገፋ ሴት እኔ የሌለኝ ምን አላት?

ሲገባ ጠብቄ «የት ነው ያስቀመጥሃት?» አልሁት።

«ቁም ሣጥን ውስጥ» አለኝ፣ ቅንጣት ሳያፍር።

በክት ነጠላዬ የተጠቀለለች አሮጌ የፊልም ካሜራ አወጣ። «ያለ ባትሪ ትሠራለች። እንደ ስልክ አትቸኩልም፤ ምስሉ እስኪጠራ ይህችን ቀለበት በእጅሽ ታዞሪያለሽ» አለኝ።

ቀለበትም አላት ማለት ነው። እንደዚያ ሲዳብሳት ሳይ ቅናቴ ባሰብኝ። ሰው ብትሆን እንኳ ተጣልቻት ይወጣልኝ ነበር።

«እስቲ አንሳኝ» አልሁት።

አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው ያየኝ ጀመር። ቀለበቷን ያዞራል፣ ወደ ኋላ ሸሸት ይላል፣ መስኮቱን ይከፍታል፣ እንደገና ያዞራል። ከተጋባን ወዲህ እንዲህ አተኩሮ አይቶኝ አያውቅም። ሳላስበው ፀጉሬን አስተካክዬ አንገቴን ቀና አደረግሁ።

ድንገት ካሜራዋን ከዓይኑ ላይ አወረዳት። «ለካ ፊልም አላስገባሁባትም» አለኝ።

«ግድ የለም» አልሁት። «አንተ ማየትህን ቀጥል።»