የአረብኛው ጸሎት
ሱዳኖቹን ያመጣልን አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። ዘጠኝ ነበሩ፤ በሁለት ምልልስ አጓጉዞ ከጸሎት ቤታችን ደጅ አወረዳቸውና፣ «‹ከኒሳ፣ ከኒሳ› ይላሉ። አረብ አገር ሳለሁ ቤተ ክርስቲያንን እንዲህ ሲሉ ሰምቻለሁ። እስጢፋኖስ ገዳም እንዳልወስዳቸው ሴቶቹን አያስገቡም» አለኝ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ላለችው ትንሽ የወንጌል አማኞች ጉባኤም ጸሐፊ ነበርሁ። ቁልፉ እኔ ዘንድ ስለሚውል አዳራሹን ከፈትሁና አግዳሚዎቹ ላይ አስቀመጥኋቸው። ቋንቋ ግን አልነበረንም። ጅዳ ሰው ቤት ዓመታት ሠርታ የተመለሰች ሙስሊም ጎረቤት ስላለችኝ እሷን ጠራሁ።

ታሪካቸውን የሰማነው በእሷ አፍ ነው። ካርቱም ውስጥ አንድ ሰፈር የኖሩ ክርስቲያኖች ናቸው። ጦርነቱ ሲነሣ በመተማ በኩል ተሻገሩ፤ የተጠለሉበት የስደተኞች ሰፈር ደግሞ ደጋግሞ ተዘረፈና ተኩስ ሲበዛበት ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ተነሡ። እኛ ዘንድ ሲደርሱ የደሴው መንገድ በውጊያ ተዘግቶ ነበር። መሪያቸው ጉባኤያቸውን ያስተምሩ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ከሴቶቹ አንዷ ልጃቸው ናት። አዛውንቱ ከሻንጣቸው በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለሉ ትንንሽ ጠርሙሶች አወጡ። ኢንሱሊን ነበር፤ ስኳር አለባቸው።

«ይሄስ ሙቀት አይችልም» አለች ጎረቤቴ። «እኔ ቤት ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። አብሽሩ፣ አባባ።»

ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለቀቅንላቸው። ምእመኑ ዱቄት አዋጣ፣ ብርድ ልብስ አዋጣ። እሁድ እኛ ረፋዱ ላይ ስንጨርስ እነሱ ከቀትር በኋላ በአረብኛ ያመልኩ ጀመር። ልጅቱ ቢጫ ጀሪካን ገልብጣ እየመታች ታስዘምራለች። ጎረቤቴ ወደ ውስጥ አትገባም፤ ደጁ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ጸሎቱ ሲያበቃ የጎደላቸውን ጠይቃ ትነግረኛለች። አንዳንዴም፣ «ለዚህ ከተማ እየጸለዩ ነው» ትለኝ ነበር።

ሁለት ወር እንዲህ ሄደ። ከዚያ ወሬው መጣ። አረብኛ የሚናገሩ ባዕዳን አዳራሽ ዘግተው ይመክራሉ ተባለ፤ አንዱ ወገን የሌላው ሰላዮች ናቸው ይላል፣ ሌላውም እንዲሁ። የጉባኤው ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ከመካከላቸው አንዱ፣ «ቤቱ ቢታሸግ የእኛም የእነሱም ጸሎት አብሮ ይቆማል። እስኪረጋጋ አረብኛው ይቅር» አሉ። ሐሰት አልነበረም፤ ሁላችንም ፈርተናል። እጅ አውጡ ሲባል እኔም አወጣሁ። የምነግራቸውም እኔ እንድሆን ተወሰነ።

ጎረቤቴን ይዣት ስሄድ መንገድ ላይ ቆመች።

«ይህን እኔ ላስተርጉም? ከእኔ አፍ ይስሙት?»

«ሌላ አረብኛ የሚያውቅ የለኝም፣ እታለም።»

መሬት መሬት እያየች ነገረቻቸው። አዛውንቱ እስከ መጨረሻው ሰሙና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ከእናንተ ጋር መቀመጥስ ይፈቀድልናል?» አዎ አልሁ። «እንግዲያው እንቀመጣለን» አሉ።

በቀጣዩ እሁድ ዘጠኙም መጥተው የኋላውን አግዳሚ ያዙ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንዲት ቃል ሳይገባቸው ተቀመጡ። ስንነሣ ይነሣሉ፣ ስንንበረከክ ይንበረከካሉ። እኔ ፊት ለፊት ተቀምጬ ማስታወቂያ አነባለሁ፤ ቀና ባልሁ ቁጥር ልጅቱን አያታለሁ። እጇ ጭኗ ላይ ተጣጥፎ ነበር።

መንገዱ አልተከፈተም። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ጠርሙስ እያለቀ ሄደ፤ በከተማው ያሉት መድኃኒት ቤቶችም ከጨረሱ ሰንብተዋል። እኔና ጎረቤቴ ውጫሌ ሄደን እንፈልግ ብለን በባጃጅ ወጣን። መሐል ላይ ሹፌሩ ከዚህ አላልፍም ስላለን ቀሪውን በእግራችን ሄድን። እዚያም የለም። በመጨረሻ አንዷ መድኃኒት ሻጭ እናቷ በስኳር የሞቱባትን የገበያ ነጋዴ ጠቆመችን። ነጋዴዋ ከእናቷ የተረፈውን ግማሽ ጠርሙስ አውጥታ ሰጠችን። «እሷን አላዳናትም» አለችን፣ ምንም ሳትጨምር። በእርጥብ ነጠላ ጠቅልለን ተመለስን።

ያ ግማሽ ጠርሙስ አዛውንቱን ጥቂት ቀን አቆያቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነበር። ትንፋሻቸው እየከበደ ሄደ፣ ሰው ማወቅ አቃታቸው። ሐሙስ ጠዋት በልጃቸው ክንድ ላይ አረፉ። መግነዛቸውን ሱቄ ውስጥ ሰፋሁት። ረጅም ሰው ነበሩ፤ አቡጀዲው ስላልበቃ መቀጠል ነበረብኝ።

የእኛ ሰው ጥቂት ነው፣ መቃብር የሚቆፍር ጉልበት የለንም። የቀብር ማኅበራችንን ቅሬ እንለዋለን፤ ክርስቲያኑም እስላሙም የሰፈሩ ሰው ሁሉ በአንድ ያለበት ነው። ሱዳኖቹ ግን አባል አልነበሩም። የቅሬው ዳኛ የጎረቤቴ አባት ናቸው። ሄጄ ልለምናቸው ስጀምር አቋረጡኝ።

«ጥሩምባው ተነፍቷል» አሉኝ። «ሬሳ እቤት ተጋድሞ ምን ትለምኝኛለሽ? ሂጂ፣ ልጅቱ ዘንድ ሁኚ።»

ስንደርስ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ነበር፤ ቆፋሪዎቹ አብዛኞቹ የመስጊዱ ሰዎች ናቸው። የእኛ ሽማግሌ በአማርኛ ጸለዩ። ከዚያ ልጅቱ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ በአረብኛ ማዜም ጀመረች፤ ሰባቱም ተከተሏት። እኛ ከልክለነው የነበረው መዝሙር ነው። የጉባኤያችን ሽማግሌዎች አቀርቅረው ቆሙ። ጎረቤቴ ጆሮዬ ላይ ለመተርጎም ሞከረችና ተወችው። እኔም ትርጉሙን አልጠየቅኋትም።

ከቀብሩ አሥር ቀን ያህል ቆይቶ የደሴው መንገድ ተከፈተ። ስምንቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄዱ። መናኸሪያ ስንሰነባበት ልጅቱ ጎረቤቴን አቅፋ ረጅም ጊዜ አለቀሰች። እኔን ጨበጠችኝ። አዲስ አበባ ገብተናል ብላ አንዴ ለጎረቤቴ ደውላላት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ስልኩ አይሠራም።

ክረምቱ ሲወጣ ሽማግሌዎቹ እንደገና ተሰበሰቡ። ነገሩ ስለ ተረጋጋ በአረብኛ ማምለክ ይፈቀድ ተብሎ ያለ ክርክር ተወሰነ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ለማን እንደ ተፈቀደ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም፣ ፈርሜ መዝገቡን ዘጋሁት።