የሰርዲን ዕድሜ

ዘይኑዲን ሙሜ ከምጽዋ ተርፎ አሰበ ተፈሪ የገባው በ1982 ዓ.ም. መጋቢት ወር ነው። ከአሰብ የጭነት መኪና እስከ አዋሽ አደረሰው፤ ከዚያ በሚኤሶ በኩል በአውቶቡስ ዳገቱን ወጣ። እናቱ ረዲያ ደጅ ላይ ስታየው መሬት ላይ ተቀመጠችና «አልሃምዱሊላህ» እያለች አለቀሰች። እሱ ሻንጣውን የት እንደሚያስቀምጥ ይፈልግ ነበር። በኋላ ጎንበስ ብሎ ጀርባዋን መታ መታ አደረገላት፤ ለሰው ለቅሶ እንደ ሄደ ጎረቤት።

ዘይኑዲን የጫት ነጋዴ ልጅ ነው። አስራ ሁለተኛ ክፍልን እስኪጨርስ ባሕር አይቶ አያውቅም። ከአጭር ሥልጠና በኋላ ምጽዋ፣ አንድ አነስተኛ የዓሣ ምርምር ጣቢያ ውስጥ የላቦራቶሪ ረዳት ሆኖ ተመደበ። አባቱ ሙሜ «ዓሣ የማይበላ አገር ልጅ ዓሣ ሊመረምር ሄደልኝ» እያለ በጫት ጨዋታ ላይ ሰው ያስቅበት ነበር።

የጣቢያው ተመራማሪ ይልቃል የሚባል፣ ዝምተኛ፣ ሻይ የሚወድ ጎልማሳ ነበር። ትልልቁን ዓሣ ለሌላው ትቶ እሱ የያዘው መዳፍ የማይሞሉትን፣ በመንጋ የሚዋኙትን ነው፤ ሰርዲንንና መሰሎቹን። ጥያቄውም አንድ ነበር፤ ሰርዲን ምን ያህል ዕድሜ ይኖራል? ይህ ካልታወቀ ምን ያህል ቢጠመድ ዘሩ እንደማይጠፋ አይታወቅም። መልሱ ያለው ዓሣው ራስ ውስጥ ነው። እዚያ የስኳር ቅንጣት የምታህል የጆሮ ጠጠር አለች፤ ዓሣው ባደገ ቁጥር እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት ትጨምራለች። ዘይኑዲን ከአጥማጆቹ ጀልባ ዓሣ ይወስዳል፣ ርዝመቱን ይለካል፣ ራሱን ሰንጥቆ ጠጠሯን በወረንጦ ያወጣል። ይልቃል ጠጠሯን በስሱ ሞርዶ ቀለበቷን በማይክሮስኮፕ ይቆጥራል።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሠሩ። አንድ ጠዋት ዘይኑዲን ሲገባ ይልቃል ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ ቆየው።

«ና እስቲ እየው» አለው። «በትልልቁ ቀለበት መሀል ቀጫጭን ቀለበቶች አሉ።»

«አየኋቸው።»

«የቀን ናቸው። በየቀኑ አንድ ትጨምራለች። እኛ የዓመት ብለን የቆጠርነው የዓመት አይደለም። የሦስት ዓመት ነው ያልነው ዓሣ ገና ዓመት አልሞላውም።»

ዘይኑዲን ጠጠሮቹ የተቀመጡባቸውን ብልቃጦች አየ። ያን ሁሉ ራስ የሰነጠቀው እሱ ነው። «ታዲያ ምን ይሻላል፣ ጋሼ?»

«እንደገና መጀመር ነዋ» አለ ይልቃል፤ ሻዩንም ፉት አለ።

እንደገና ጀመሩ። አሁን ዓሣው መቼ እንደተፈለፈለ ለማወቅ አንድም ወር ሳይዘሉ ዓመቱን ሙሉ ናሙና መያዝ ነበረባቸው። ሥራው ሊጠናቀቅ የጥር ናሙና ብቻ ሲቀር ጦርነቱ ወደ ምጽዋ ተጠጋ። አጥማጆቹም መውጣት ፈሩ። ይልቃል ብልቃጦቹን በሳጥን አሽጎ ዘይኑዲንን ወደ አሰብ በሚሄድ መርከብ አሳፈረው።

«እርስዎስ?»

«የጥር ወር ዓሣ አልመጣም። በሚቀጥለው መርከብ እደርሳለሁ።»

የሚቀጥለው መርከብ አልመጣም። ዘይኑዲን አሰብ ወደብ ላይ ሲጠብቅ ሰነበተ። በመጨረሻ ከምጽዋ ያመለጠ አንድ የወደብ ሠራተኛ ምግብ ቤት ውስጥ አገኘውና ነገረው፤ ይልቃል ጣቢያው ደጃፍ ላይ በከባድ መሣሪያ ተመትቶ ሞቷል፤ ሰውየው ራሱ ቀብሮታል። ዘይኑዲን «እሺ» አለ። ከዚያ ምሳውን ጨረሰ።

አሰበ ተፈሪ ከገባም በኋላ እንደዚያው ሆነ። አባቱ ሂርና ሂድና ጫት ተረከብ ሲለው ይሄዳል፤ እሰር ሲለው ያስራል። ሰው ስለ ባሕር ሲጠይቀው «ጨው ነው» ይላል። አንድ ቀን ሙሜ አጠገቡ ቁጭ አለ።

«ልጄ፣ ሰው ሞቶብህ አላለቀስክም። ይሄ ደግ አይደለም።»

«አልመጣልኝም፣ አባ።»

«ተቆጣ እንኳ።»

«ማንን?»

ሙሜ ተነስቶ ወደ ጫቱ ተመለሰ።

በሐምሌ የይልቃል ሚስት ሳህሊቱ ከናዝሬት ጠይቃ ጠያይቃ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ክርስቲያን እንግዳ የእስላም ሥጋ እንደማትበላ ረዲያ ስለምታውቅ፣ ከሱቅ ዳቦና የቆርቆሮ ሰርዲን አስመጥታ በሳህን አቀረበችላት። ዘይኑዲን ሳህኑን ሲያይ ሊያስነሳው ፈለገ፤ ግን እጁን አላነሳም።

«ይሄ ነው?» አለች ሳህሊቱ።

«ዘመዱ ነው፣ እትዬ።»

«እስቲ ያን የሚቆጥረውን አሳየኝ።»

«ራሱ የለም። ፋብሪካ ቆርጦ ይጥለዋል። ጠጠሯ ራስ ውስጥ ናት።»

ተነስቶ ከምጽዋ ካመጣው ሳጥን አንድ ብልቃጥ አወጣና አንዷን ጠጠር ጥቁር ነጠላዋ ላይ አኖረላት። ሳህሊቱ አቀርቅራ ብዙ አየቻት።

«ለዚች ነው የቀረው?»

ደግ ቃል መናገር እንዳለበት ያውቅ ነበር። ፈልጎ አጣው። «አዎ» አለ። «የጥር ጎድሎ ነበር።»

«አንተስ?»

«ሂድ ብሎኝ ነው።»

ሳህሊቱ አልወቀሰችውም። ጠጠሯን በመሐረብ ቋጥራ ደረቷ ውስጥ ከተተች፤ ዳቦ ቆርሳ ሰርዲኑን እስከ መጨረሻው በላች። ረዲያ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ዘይኑዲን ለሳህሊቱ ውሃ ቀዳላት፣ መናኸሪያ ሸኛት፣ አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ቆመ፤ ምንም አልተሰማውም።

በዓመቱ ግንቦት መንግሥት ወደቀ። ባሕሩም ከዚያ ወዲያ የሌላ አገር ሆነ ተባለ። በሰሞኑ የከተማው ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ዘይኑዲን ዘበኛውን ዓሊዩን ለምኖ ላቦራቶሪ ገባ። ይልቃል ሳይደርስባቸው የቀሩትን ጠጠሮች በብርጭቆ ወረቀት ሞረዳቸውና ማይክሮስኮፑን ወደ መስኮቱ አዙሮ መቁጠር ያዘ። ቀለበቶቹ ደብዝዘው ታዩት፤ ግን ይቆጠሩ ነበር። ከመረመራቸው ዓሦች ዓመት የሞላው አልነበረም። ይልቃል ልክ ነበር።

ዓሊዩ በበሩ ብቅ ብሎ «ምን አገኘህ?» አለው።

«ዕድሜያቸውን።»

«ረጅም ነው?»

«አይደለም» አለ ዘይኑዲን። ማይክሮስኮፑን በጨርቁ ሸፈነ፤ ጠረጴዛውን ጠረገ። የሂርናው መኪና የሚገባበት ሰዓት ስለነበር ወደ ጫት ተራ ወረደ።