ከ«አንተ» እና ከ«አንቺ» በፊት

አማቴ አማርኛ ሲናገሩ ሰው ሁሉ ወንድ ነው። እኔንም «አንተ፣ ቁጭ በል፣ ብላ» ይሉኛል። ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ሱቅ ካላቸው ጉራጌዎች ተወልጄ በአማርኛ ያደግሁ ምላሰኛ ነኝና «እማዬ፣ ጢም አበቀልኩ እንዴ?» እያልኩ አስቃቸው ነበር። በእሳቸው ቋንቋ በሀዲይሳ ለ«አንተ»ም ለ«አንቺ»ም ያለው ቃል አንድ ነው። እስክወልድ ድረስ ይህ ለእኔ ቀልድ ነበር።

አዋላጇ ሕፃኑን ከፍ አድርጋ አየች። «ሐኪም ይየው» ብላ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ገልጬ አየሁ። ለወንድ ያንሳል፣ ለሴት ይበዛል። መልሼ ጠቀለልኩት።

ሐኪም ሳናሳይ ቤት ስንገባ ጎረቤት ሁሉ «እንኳን እግዚአብሔር በሰላም አገላገለሽ! ምን ወለድሽ?» ይላል። «ልጅ» እላለሁ። ይስቃሉ። አማቴ ሕፃኑን ታቅፈው በሀዲይሳ ሲያጫውቱት ይውላሉ፤ ቃሉ አያደናቅፋቸውም። እኔ ግን ለገዛ ልጄ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። «ጥባ» ልበል ወይስ «ጥቢ»? ያ የምኮራበት አማርኛ አፌን ያዘኝ።

ከዚያ የጠባውን ሁሉ ያስመልሰው ጀመር። ልቅሶው እየሳሳ ሄደ። ቢሞትብኝ ማንን ብዬ አለቅሳለሁ? ይህን በማሰቤ ራሴን ጠላሁት፤ ማሰቤን ግን መተው አልቻልኩም።

ይዘነው ሆስፒታል ሮጥን። ሐኪሙ ረጋ ብሎ አስረዳን። «ማህፀን ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁላችንም አንድ ነን። ያው አንድ ቡቃያ ወይ የወንድ የዘር ፍሬ ይሆናል፣ ወይ እንቁላል የሚይዘው ኦቫሪ። የውጪውም ገላ እንዲሁ ከአንድ ነገር ነው የሚሠራው፤ የወንድ ሆርሞን ካገኘ ወደ ወንድ ያድጋል። ከኩላሊት በላይ ያለችው ዕጢ ይህን ሆርሞን ካበዛች፣ ሴቷም ከውጪ ወንድ መስላ ልትወለድ ትችላለች። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ይኸው ሕመም የሰውነትን ጨው ማሟጠጡ ነው። ካልደረስንበት ይገድላል።»

አልትራሳውንዱን ትንሿ ሆድ ላይ ሲያንሸራትት ስክሪኑን ማየት አቃተኝ። የአማቴን ነጠላ ጨምድጄ ያዝኩ።

«ማህፀን አላት» አለ። «ኦቫሪዎቿም በቦታቸው ናቸው። ደሟንም እንመረምራለን፤ መድኃኒቱ ግን አሁኑኑ ይጀመር። ዕድሜ ልኳን ነው የምትወስደው።»

አማቴ ጎንበስ አሉ። ሐኪሙ እንዲሰማቸው ይመስለኛል፣ በአማርኛ «አንተ ሴት ነህ!» አሏት። ማንም አልሳቀም።

ጉልኮሱ በእጇ ሲገባ ዓይኗን አልገለጠችም። ጆሮዋ ሥር ተጠጋሁና የመጀመሪያ ቃሌን ነገርኳት።

«አንቺ፣ አትሂጂብኝ።»

አልሄደችም። ግን ዛሬም ባስመለሳት ቁጥር ያው ቃል ከአፌ ይወጣል።